ጣልያን ማን ይሁን?

አዲስ አበባ ውስጥ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» የሚለውን የታክሲ ጥሪ ሳይሰማ የሚውል ሰው ጥቂት ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ብትጠይቁ፣ ጎበዝ ከሆነ ይመልስላችኋል። ሜክሲኮ የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ የተቃወመች፣ ኢትዮጵያ የጣልያን ግዛት ሆናለች መባሉንም አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት፤ ለውለታዋ አደባባይ ተሰየመላት። ትክክል፤ ሙሉ ማርክ።

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቁት። ሌሎቹስ ለምን እንደ ሜክሲኮ አላደረጉም? ብሪታንያ ለምን? ፈረንሳይ ለምን? እኛ በዚያ ዕድሜ ብንጠየቅ የምንመልሰው አንዲት ቃል ነበረች፤ «ከዱን»። እርግጥ ነው ከድተውናል። ነገር ግን «ከዱን» ስሜታችንን ይናገራል እንጂ የእነሱን ምክንያት አይናገርም። የከዳህን ሰው ምክንያት ካላወቅህ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ከየት በኩል እንደሚመጣብህ አታውቅም።

የዛሬው ጽሑፋችን የሚነሳው ከዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ጥቂት ጓደኛሞች ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የዲፕሎማሲና የክርክር ክበብ ለመጀመር ስንመካከር ከርመናል። ልጆቹ በአገር በአገር ተከፋፍለው የሚናገሩበት፣ የሚደራደሩበት፣ በመጨረሻም የውሳኔ ሐሳብ አርቅቀው ድምፅ የሚሰጡበት ምስለ ጉባኤ ነው። ሐሳቡን ያካፈልናቸው ሰዎች ሁለት ነገር ይሉናል። አንዱ፣ «ይሄ የፈረንጅ ትምህርት ቤት ጨዋታ ነው»፤ ሌላው፣ «ልጆች ናቸው፣ ምኑን ያውቁታል?» ለሁለቱም መልሱ ታሪክ ውስጥ አለ እንላለን።

ጨዋታው ከየት መጣ?

የመንግሥታት ማኅበር (ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) በጥር 1920 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። አሥር ዓመት ሳይሞላ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበሩን እያስመሰሉ መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ልብ በሉ፤ አሜሪካ ራሷ የማኅበሩ አባል አልነበረችም። ፕሬዚዳንቷ ዊልሰን ሐሳቡን ለዓለም አቅርቦ ሲያበቃ የገዛ አገሩ ሴኔት አላጸድቅም አለው። ተማሪዎቹ እንግዲህ መንግሥታቸው ያልገባበትን አዳራሽ በጨዋታ ገቡበት ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማኅበሩ ፈርሶ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲተካ፣ ጨዋታውም ስሙን ለውጦ «ሞዴል ዩኤን» ተባለ። በ1968 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ከተማ በዘ ሄግ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ ጉባኤ ተጀመረ። ከዚያም ወደ ታች እየወረደ ዛሬ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ሳይቀሩ ይጫወቱታል። ኮትና ከረባቱ፣ ከጠረጴዛው ላይ የሚቆመው የአገር ስም፣ «የተከበሩ ሊቀ መንበር» ማለቱ ጌጥ ነው። የጨዋታው ልብ አንዲት ሕግ ናት፤ አገርህን አንተ አትመርጥም፣ በዕጣ ይደርስሃል። የደረሰህን አገር ደግሞ ወደድህም ጠላህም ከልብህ ትሟገትለታለህ።

የሚገርመው፣ ኢትዮጵያ ወደ እውነተኛው አዳራሽ የገባችው ጨዋታው በሚወለድበት ዘመን ነው። መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ አገር የመስቀልን በዓል ሲያከብር፣ ጄኔቫ ላይ የማኅበሩ አባል ሆነች። ድምፁ በሙሉ ስምምነት ነበር፤ የሙሶሊኒ ኢጣሊያም አብራ ደግፋለች። ይህችን ነጥብ ያዟት፣ ቆይተን እንፈልጋታለን።

ሌላም መያዝ ያለበት ነገር አለ። ወረራው ሲቃረብ በ1935 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ኢትዮጵያን ከወከሉት ሰዎች አንዱ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። እኚህ ሰው የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉ ናቸው፤ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»። አውሬዎችን እያናገሩ የዘመኑን አስተዳደር ስለነቀፉ ተውኔቱ ቤተ መንግሥቱን አስቆጥቶ ታገደ። እናም ሐበሻን መጀመሪያ መድረክ ላይ አውጥቶ «ሌላ ሰው ሁን» ያለውና በዓለም ሸንጎ ላይ አገሩን ወክሎ የቆመው አንድ ሰው ነው። ቲያትርና ዲፕሎማሲ በአገራችን የተዋወቁት ዛሬ አይደለም።

በላ ልበልሃ

ክርክርስ የፈረንጅ ነው? አያቶቻችን ቢሰሙን ይስቁብን ነበር። በቀድሞው ዘመን ሙግት ፍትሕ ብቻ ሳይሆን የቃል ጥበብ ነበር። «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ፣ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ እየተወራረዱ፣ በቅኔና በምሳሌ እየተዋጉ ይሟገቱ ነበር። ችሎቱ ብዙ ጊዜ ከዛፍ ሥር ስለነበር ልጅ አዋቂው ቆሞ ይሰማል። የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው «ዳኘን» ቢሉት እምቢ ማለት ነውር ነበር። «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ፖሊስ ሳይኖር ቃል ብቻ ያስቆም ነበር።

ከዚህ ሁሉ እኛን የሚያስቀናን አንድ ሥርዓት አለ። በትልልቅ ችሎቶች ላይ ፍርድ ሲሰጥ ሐሳቡን መጀመሪያ የሚናገረው በማዕረግ ትንሹ ነው። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እየተባለ የመጨረሻው ቃል የበላዩ ወይም የንጉሡ ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ የሚለው አይኖረውም፤ «እንዳሉት ነው ጌታዬ» ብሎ ይቀመጣል። ዛሬ በስንት ስብሰባችን ላይ ነው አለቃው በመጀመሪያ ተናግሮ ሌላው አንገቱን የሚነቀንቀው? የቀድሞዎቹ ሰዎች በዚህ በዚህ ይበልጡናል።

ይሁንና የጎደለም ነገር ነበር። ተሟጋቹ የሚቆመው ለራሱ መሬት፣ ለራሱ ርስት፣ ለራሱ ወገን ነው። የባላጋራውን ነገር ባላጋራው ከሚናገረው በተሻለ እንዲናገር የሚጠይቀው አልነበረም። ምስለ ጉባኤ የሚጨምርልን ይህንን ነው። ከአባቶቻችን አንደበቱንና ሥርዓቱን እንውሰድ፣ ከአዲሱ ጨዋታ ዕጣውን።

የጄኔቫው ክፍል

የመጀመሪያው ጨዋታችን ጄኔቫ 1928 ዓ.ም. እንዲሆን እናስባለን። ልጆቹ ታሪኩን ሰምተውታል፤ ስሜቱም አላቸው። ዕጣው ይወጣል። ኢትዮጵያ የደረሳት ልጅ ትፈነድቃለች። ሜክሲኮ የደረሰውም ደስ ይለዋል። ሌባና ፖሊስ ሲጫወት ሌባ መሆን የሚያኮርፍ ልጅ እንዳለ ሁሉ፣ «ጣልያን» የሚል ወረቀት የደረሰው ልጅ ሊያኮርፍ ይችላል። ትምህርቱ የሚጀምረው ግን እሱ ጋ ነው።

የጣልያን ተወካይ ምን ይላል? «ልውረር» አይልም፤ ማንም እንዲያ ብሎ አያውቅም። በእውነተኛው ታሪክ ኢጣሊያ በመስከረም 1935 እ.ኤ.አ. ለማኅበሩ ወፍራም የክስ ሰነድ አቀረበች። ኢትዮጵያ ባርነትን አላጠፋችም፣ አባል ስትሆን የገባችውን ቃል አልጠበቀችም፣ ስለዚህ ከሠለጠኑ አገሮች ጋር እኩል ልትቀመጥ አይገባም የሚል ነበር። እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ምክንያቱም ኢትዮጵያን የያዘችው ልጅ «ውሸት ነው!» ብላ መነሳት አትችልም። ባርነት ነበር። በ1916 ዓ.ም. የሚገድበው አዋጅ ወጣ እንጂ ወዲያው አልጠፋም፤ ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው ሕግ የወጣው ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ ምን ትመልስ? ይህቺ ደቂቃ ለእኛ ከአንድ ዓመት የታሪክ ትምህርት ትበልጣለች። ልጅቷ ጠላት የሚናገረው ሁሉ ውሸት እንዳልሆነ፣ እውነት መናገሩም ትክክለኛ እንደማያደርገው በአንድ ጊዜ ትማራለች። «አዎ፣ ባርነት አለብን፤ ልናጠፋውም ጀምረናል። ግን የማኅበሩ ቃል ኪዳን የትኛው አንቀጽ ነው የጎረቤትን ጥፋት በመርዝ ጋዝ አርሙ የሚለው? ደግሞስ በ1916 ዓ.ም. አባል ስንሆን ድምፅ ከሰጡን አንዷ አንቺ አልነበርሽም? በ1920 ዓ.ም. የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል የፈረምነው ከአንቺ ጋር አይደለም?» ብላ መመለስ ትችላለች። ይህንን መልስ ያገኘች ልጅ ጥፋትን በማመን እንጂ በመካድ ብቻ አገር እንደማይጠበቅ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳም።

ፈረንሳይን የያዘው ልጅ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለበት። ከጎኑ ሂትለር እየታጠቀ ነው፤ ሙሶሊኒን ካስቀየመ ብቻውን ሊቀር ነው። በጥር 1935 እ.ኤ.አ. ላቫል ሮም ድረስ ሄዶ ከሙሶሊኒ ጋር የተስማማው ለዚህ ነው። ብሪታንያ የደረሳት ልጅ በአንድ ወገን ለማኅበሩና ለሰላም ድምፁን የሰጠ ከ11 ሚሊዮን በላይ የራሷ ሕዝብ፣ በሌላ ወገን ጦርነት የማይፈልጉ ሚኒስትሮች አሉባት። በታኅሣሥ ወር ሆርና ላቫል የኢትዮጵያን ሰፊ መሬት ለጣልያን ለመስጠት በምስጢር ሲዋዋሉ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ሕዝቡ ጮኸ፣ ሆርም ከሥልጣኑ ለቀቀ። ልጅቷ ከዚህ የምትማረው «ብሪታንያ» የሚባል አንድ ሰው አለመኖሩን ነው። በአንድ አገር ውስጥ የሚሸጥህም የሚጮህልህም አለ።

ማዕቀቡም ይመጣል። በኅዳር ወር ተጣለ፤ ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ አልገባም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ልጆቹ የማዕቀቡን ዝርዝር ራሳቸው ይጽፉታል። ነዳጅን ለማስገባት ስንት ድምፅ ያስፈልጋል? ማን ይከስራል? ነዳጅ የሚሸጠው አሜሪካዊ ነጋዴ አባል ካልሆነ አገር ነው፤ ምን ይደረግ? እንዲህ ሲጨነቁ «ከዱን» የምትለው ቃል ሳትጠፋ ትከፈታለች፤ ውስጧ ፍርሃት፣ ገንዘብ፣ ምርጫ፣ ንቀት ተደርድረው ይታያሉ።

ትንሿን ሀይቲን የያዘ ልጅ ደግሞ ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠውን ንግግር ያገኛል። በእውነተኛው ጉባኤ የሀይቲው ጄኔራል አልፍሬድ ኔሞር፣ ትልቅም ሆንን ትንሽ፣ ነጭም ሆንን ጥቁር፣ አንድ ቀን እኛም የአንዱ ኢትዮጵያ ልንሆን እንደምንችል አንርሳ ሲሉ አስጠንቅቀዋል። ዓመታት ሳይቆጠሩ ስንቱ የአውሮፓ አገር ይህ ደረሰበት።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በአዳራሹ ሲቆሙ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኩ፤ የሩማንያው ቲቱሌስኩ «አውጡልን እነዚህን አረመኔዎች» ብሎ ጮኸባቸው። አረመኔ የተባሉት ለአንድ ጊዜ እኛ አልነበርንም። ንጉሡ ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው እየቻሉ የተናገሩት በአማርኛ ነው። በአራተኛው ቀን፣ ሰኔ 27፣ ማኅበሩ ማዕቀቡ እንዲነሳ ወሰነ። ብሪታንያና ፈረንሳይ በ1938 እ.ኤ.አ. ለወረራው እውቅና ሰጡ።

ሜክሲኮን የያዘው ልጅም ያለ ፈተና አይለቀቅም። እሷ በአቋሟ ጸናች። ነገር ግን በዚያው በ1938 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ካርዴናስ የነዳጅ ኩባንያዎቹን ወርሰው የብሪታንያና የአሜሪካ ኩባንያዎች ገበያ ሲዘጉባት፣ ሜክሲኮ ነዳጇን ለጀርመንና ለኢጣሊያ ሸጠች። ይህ ውለታዋን ያጠፋዋል? አያጠፋውም። ወዳጅም ቢሆን የራሱ ጎጆ እንዳለው ግን ያሳያል።

«ታዲያ ልጅን ለፋሺስት ጠበቃ ማቆም ነውር አይደለም?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን፣ ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው በራሳቸው ስም እንዲናገሩ እናደርጋለን የሚል ነው። የጣልያንን ክርክር ከውስጥ ያየ ልጅ የት ላይ እንደሚሰበር ከሁሉ በፊት ያውቃል። የጠላትን ነገር ከሩቅ ብቻ የሰማ ልጅ ግን ያው ክርክር በሌላ ልብስ ሲመጣ ላያውቀው ይችላል።

መስማማትና መሸነፍ

ጄኔቫ ብቻውን ልጆቹን ተስፋ ያስቆርጥ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛው ጨዋታ አፍሪካ አዳራሽ፣ ግንቦት 1955 ዓ.ም. ነው። ጋናን የያዘ ልጅ የንክሩማን «አሁኑኑ አንድ መንግሥት» ይዞ ይገባል፤ ናይጄሪያን የያዘ «ቀስ እንበል» ይላል። የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድኖች አይተማመኑም። የሶማሊያው ፕሬዚዳንት የድንበሩን ጉዳይ በጉባኤው መሃል ሲያነሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ይመልሱላቸዋል። አንዷ የአዲስ አበባ ልጅ ሶማሊያ በዕጣ ደርሷት ስትሟገት አስቡ፤ ከአጠገቧ የምትቀመጠው ሶማሌ የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ኢትዮጵያ ስትሆን። በዚያ ሁሉ ልዩነት መሃል ግንቦት 17 ቀን ቻርተሩ ተፈረመ፤ 32 አገሮች። ማንም የፈለገውን ሁሉ አላገኘም፤ ማንም ባዶ እጁን አልሄደም።

ሦስተኛው መሸነፍን ያስተምራል። በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በሐምሌ 1958 ዓ.ም.፣ ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ «ጉዳዩ አያገባችሁም» ተባልን። ሙግቱ ግን እዚያ አልሞተም። በወራት ውስጥ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን የአስተዳደር መብት ሰረዘ፤ ናሚቢያም በ1982 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። በአንድ ድምፅ የተሸነፈ ልጅ ወረቀቱን ቀድዶ ከመውጣቱ በፊት ይህንን ይስማ።

ለምን በሰባተኛ ክፍል?

«ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይማሩታል» ይባላል። ታሪካችን ግን ሌላ ይናገራል። «ያ ትውልድ» የምንለው የተማሪዎች ትውልድ ክርክር አላነሰውም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብና ሲሟገት የሚያድር ትውልድ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ኢሕአፓ በ«ዴሞክራሲያ»፣ መኢሶን በ«የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ተሟገቱ። አብዛኞቹ መሪዎች አንድ ግቢ የተማሩ፣ አንድ መጽሐፍ ያነበቡ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ግን ክርክሩ አልቆ ጥይቱ ቀጠለ። ያጡት የቃላት ችሎታ አልነበረም። ባላጋራዬ የሚለውን በሙሉ ልቤ ሰምቼ ደግሜ ልናገረው እችላለሁ ወይ የሚለው ልምድ አልነበራቸውም ባይ ነን። ለደረሰው እልቂት ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አንልም፤ መንግሥት በያዘው ጠመንጃ የፈጸመው ግድያ በክርክር ባህል ማነስ አይመካኝም። ጓደኛ ከጓደኛው የተቆራረጠበትን ፍጥነት ግን ያስረዳል።

የ1997 ዓ.ም. የምርጫ ክርክሮችንም ብዙዎች ያስታውሳሉ። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ሲተላለፉ ሻይ ቤቱም ታክሲውም ጆሮውን ይሰጥ ነበር። ከእኛ አንዳንዶቻችን ያኔ ልጆች ነበርን፤ አዋቂዎች ሳይደባደቡ ሲከራከሩ ማየት ይቻላል ብለን ገርሞን ነበር። ወቅቱ ያለቀው በደም ነው። የክርክሩ ጣዕም ግን አልጠፋብንም።

ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ወገኑን መርጧል፤ ዕጣ አይቀበልም። አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ግን ዛሬ ጣልያን፣ ነገ ሀይቲ መሆን ይችላል። በሩ ክፍት የሚሆነው ለጥቂት ዓመታት ነው፤ ከሚኒስትሪ ፈተና ጋር አብሮ መዘጋት ይጀምራል።

እንዴት ይጀመር?

ሆቴል አያስፈልግም፤ ከረባት አያስፈልግም፤ እንግሊዝኛም ግዴታ አይደለም። ንጉሡ ጄኔቫ ላይ በቋንቋቸው ከተናገሩ ልጆቻችንም በሚያልሙበት ቋንቋ ይናገሩ። አንድ ክፍል፣ ሃያ አራት ልጅ፣ አርብ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ወረቀትና የግድግዳ ሰዓት ይበቃል። ሕጎቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ አገር በዕጣ ነው፤ መለዋወጥ ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ እንደ ቀድሞው ችሎት በዕድሜ ትንሿ መጀመሪያ ትናገራለች፤ መምህሩ የመጨረሻ ነው፣ ቢችል ዝም ይላል። ሦስተኛ፣ ማንም ከመመለሱ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ ባላጋራው «አዎ፣ ያልሁት ይሄንን ነው» እስኪል ድረስ ይደግማል። አራተኛ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቦታ ይለወጣል፤ ኢትዮጵያ የነበረችው ጣልያን፣ ጣልያን የነበረው ኢትዮጵያ ይሆናል።

የውሳኔ ሐሳብ ሲያረቁ ደግሞ የውጫሌን ውል እናነብላቸዋለን። በ1881 ዓ.ም. የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ «ይቻላቸዋል» ሲል የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ከዚያች አንዲት ግስ ጀርባ ዓድዋ አለ። ስለዚህ «ይችላል» ነው ወይስ «አለበት» ብለው ሃያ ደቂቃ ቢጨቃጨቁ ሰዓት ባከነ አንልም።

አስተማሪ የሆናችሁ ወዳጆቻችን፣ ክፍልና አርብን ብትሰጡን ወረቀቱን እኛ እናዘጋጃለን። ብቻችሁን ብትጀምሩት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለናል። ስማችን መነሳት የለበትም፤ ሕጎቹ ግን አይጉደሉ። ጨዋታው መያዙንም በአንድ ነገር ታውቁታላችሁ። «ጣልያን ማን ይሁን?» ሲባል አንድ ልጅ ሳያኮርፍ እጁን ካነሳ፣ ክበቡ ተመሥርቷል።